ሳይቃጠል በቅጠል፦ የፍሳሽ ማጣሪያ መሣሪያዎች አያያዝና ጥገና በፊዚክስ ዓይን

የአንድ ከተማ የፍሳሽ ቆሻሻ ማጣሪያ ጣቢያ ተገንብቶ በሚመረቅበት ዕለት ሁሉም ነገር አዲስ ነው። የፓምፖቹ ቀለም አልደበዘዘም፤ የሞተሮቹ ድምፅ ለስላሳ ነው፤ መለኪያዎቹም ትክክለኛውን ንባብ ያሳያሉ። የጣቢያው እውነተኛ ፈተና የሚጀምረው ግን በማግስቱ ነው። ማጣሪያ ጣቢያ እንደ ሐውልት ቆሞ የሚኖር ግንባታ አይደለም፤ ሌትና ቀን የሚሽከረከሩ፣ የሚነዝሩ፣ የሚሞቁና ቀስ በቀስ የሚያልቁ መሣሪያዎች ስብስብ ነው። ከተማ ደግሞ «ፓምፕ ተበላሽቷል» ተብሎ ፍሳሹን አይገታም።

በዚህ ጽሑፍ የማጣሪያ ጣቢያ መሣሪያዎች ለምን እንደሚበላሹና ከመበላሸታቸው በፊት ምን ዓይነት ምልክት እንደሚያሳዩ እንመለከታለን። ምልክቱን ለማንበብም በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመታት የምንማረው ፊዚክስ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት እንሞክራለን። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአበው ብሂል የጥገናን ፍልስፍና በሁለት ቃላት ያጠቃልለዋል። ቅጠሉን የትና መቼ መያዝ እንዳለብን የሚነግረን ግን ልኬት ነው።

ፍሳሹ የሚያልፍበት መንገድ

ከየቤቱ የወጣ ፍሳሽ ወደ ጣቢያው ሲደርስ በመጀመሪያ በብረት ወንፊት ያልፋል። ወንፊቱ ጨርቁን፣ ፕላስቲኩንና እንጨቱን ያስቀራል። ቀጥሎ አሸዋና ጠጠሩ ይዘቅጣል፤ ከዚያም በትልልቅ ገንዳዎች ውስጥ ከበድ ያለው ዝቃጭ ወደ ታች ወርዶ ይለያል። በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የሚቀረውን ብስባሽ የሚያስወግዱልን ደቂቅ ዘአካላት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን በማንቸስተር ከተማ ይፋ ያደረጉት የ«ንቁ ዝቃጭ» ዘዴ እነዚህን ደቂቅ ዘአካላት በብዛት አከማችቶ አየር በመመገብ ያሠራቸዋል። ይህን ዘዴ በሚጠቀሙ ጣቢያዎች ከጠቅላላው የኤሌክትሪክ ፍጆታ ግማሽ ያህሉን የሚወስደው ብዙውን ጊዜ ይኸው አየር የመንፋት ሥራ ነው። አየር መንፊያው ለረጅም ሰዓት ቢቆም ሕያዋን ሠራተኞቹ ታፍነው ይሞታሉ፤ እነርሱን መልሶ ማራባት ደግሞ ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ይወስዳል።

የአዲስ አበባው የቃሊቲ ጣቢያ ጥሩ ማነጻጸሪያ ይሆነናል። የቀድሞው ጣቢያ ፍሳሹን በተከታታይ ኩሬዎች አቆይቶ ለፀሐይ፣ ለነፋስና ለጊዜ የሚተው ስለነበረ የሚሽከረከር መሣሪያ እምብዛም አያስፈልገውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ የተገነባው አዲሱ ጣቢያ ግን በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያጣራ የታቀደ ነው፤ ያለ ኦክስጅን የሚሠሩ ማብላያዎችንና ፍሳሹ እየተንጠባጠበ የሚያልፍባቸውን ማጣሪያዎች ይጠቀማል። ይህን ያህል ፍሳሽ በኩሬ ብቻ ለማጣራት እጅግ ሰፊ መሬት ባስፈለገ ነበር። ኩሬ መሬት ይበላል፤ መሣሪያ ደግሞ ጥገና ይበላል። ከሁለት አንዱን ሳይከፍል የሚያጣራ ከተማ የለም።

ጥገናው ሲጓደል ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው? በአዲስ አበባ ዙሪያ በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዞች ዳርቻ አትክልት በመስኖ ይለማል። ሳይጣራ ወደ ወንዝ የገባ ፍሳሽ ከጎመኑና ከሰላጣው ጋር ተመልሶ ወደ ማዕዳችን ሊመጣ ይችላል ማለት ነው።

ሀብታም ከተማም ቢሆን ከዚህ ፈተና አያመልጥም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ግዙፉ የሃይፐሪየን ጣቢያ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያሉት ወንፊቶች በቆሻሻ ተዘጉ። ፍሳሹ ወደ ኋላ ተመልሶ ጣቢያውን አጥለቀለቀው፤ ከ45 ሚሊዮን ሊትር በላይ ያልተጣራ ፍሳሽም ወደ ሳንታ ሞኒካ ባሕረ ሰላጤ ተለቀቀ። ከአደጋው በኋላ የተካሄደው ምርመራ ለማስጠንቀቂያ ምልክቶች በጊዜው ምላሽ እንዳልተሰጠ አሳይቷል። መሣሪያዎቹ ተናግረዋል፤ የሰማቸው ግን አልነበረም።

የፓምፑ ሦስት ምስክሮች

መሣሪያ ባብዛኛው በድንገት አይበላሽም። ከመበላሸቱ ሳምንታት ወይም ወራት አስቀድሞ ስለራሱ ይመሰክራል። ምሳሌያችን በማንኛውም ጣቢያ የሚገኘው ፍሳሽ የሚገፋ ፓምፕ ይሁን። ሦስት ምስክሮች አሉት፦ ንዝረት፣ ሙቀትና የሥራው ውጤት።

የመጀመሪያው ምስክር ንዝረት ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር ድግግሞሹ 50 ሄርትዝ ስለሆነ፣ ባለ አራት ዋልታ ሞተር ጭነት ይዞ በደቂቃ 1,450 ጊዜ ያህል፣ ማለትም በሰከንድ 24 ጊዜ ገደማ ይዞራል። አሁን 200 ግራም የሚመዝን እርጥብ ጨርቅ ወንፊቱን አልፎ በፓምፑ ተሽከርካሪ ክንፍ ላይ ከመካከለኛው ዘንግ በ15 ሴንቲሜትር ርቀት ተጠመጠመ እንበል። ጨርቁን በክብ መንገድ ለማዞር የሚያስፈልገው ኃይል የመጠነ ቁሱ፣ የራዲየሱና የማዕዘን ፍጥነቱ ካሬ ብዜት ነው። የማዕዘን ፍጥነቱ በሰከንድ 152 ራዲያን ያህል ስለሆነ፣ 0.2 × 0.15 × 152 × 152 ስናሰላ 690 ኒውተን ገደማ እናገኛለን። ይህ የ70 ኪሎ ሰው ክብደት ነው። በሌላ አነጋገር ያቺ ጨርቅ የፓምፑን ዘንግ በሰከንድ 24 ጊዜ እየዞረ እንደሚጎትት አንድ ጎልማሳ ሰው ሆናለች።

ይህን ጉተታ የሚሸከመው ኩሽኔታው ነው። የባለ ኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ ከሚሸከመው ጭነት ኩብ ጋር በተገላቢጦሽ ይለዋወጣል። ጭነቱ በ26 በመቶ ብቻ ቢጨምር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም የ1.26 ኩብ 2 ነው። ጭነቱ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ አሥር ዓመት ሊያገለግል የሚችል ኩሽኔታ በአንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ሲያልቅ «ዕቃው ርካሽ ነው» ብሎ ከመፍረድ በፊት ጭነቱን ማን እንደጨመረበት መጠየቅ ይገባል። የተጠመጠመ ጨርቅ፣ ከሞተሩ ጋር በትክክል ያልተጋጠመ ዘንግ ወይም የላላ የመሠረት ብሎን ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ከብዙዎቹ ምክንያቶች መካከል ጥፋተኛውን እንዴት እንለያለን? እዚህ ላይ የሚረዳን ፈረንሳዊው ዦዜፍ ፉሪዬ ነው። ፉሪዬ እ.ኤ.አ. በ1822 ስለ ሙቀት ባሳተመው ሥራው አንድ የተወሳሰበ ተደጋጋሚ ሞገድ የብዙ ቀላል የሳይን ሞገዶች ድምር ተደርጎ ሊጻፍ እንደሚችል አስረዳ። ዛሬ በኩሽኔታው ቤት ላይ የሚለጠፍ አነስተኛ ንዝረት መለኪያ የሚቀዳውን ምልክት በዚሁ ዘዴ በየድግግሞሹ ይከፋፍለዋል። በእኛ ፓምፕ ላይ በ24 ሄርትዝ ጎላ ብሎ የሚታይ ንዝረት የሚዛን መዛባትን ይጠቁማል። በእጥፉ፣ በ48 ሄርትዝ የሚታይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የሞተሩና የፓምፑ ዘንጎች በአንድ መስመር ላይ አለመሆናቸውን ያመለክታል። ስምንት ኳሶች ያሉት ኩሽኔታ የውጭ ቀለበቱ ከተሰነጠቀ ደግሞ ኳሶቹ በስንጥቁ ላይ ባለፉ ቁጥር ይመቱታል፤ የምቱ ድግግሞሽ በግምት 0.4 × 8 × 24፣ ማለትም 77 ሄርትዝ ገደማ ይሆናል። ፓምፑ ሳይፈታ ሕመሙ ታወቀ ማለት ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ኩሽኔታው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ የሚያዳምጥ ልምድ ያለው መካኒክም የሚሠራው ይህንኑ ትንተና ነው፤ ልዩነቱ የእርሱ ንባብ በመዝገብ አለመስፈሩና ለተተኪው አለመተላለፉ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሙቀት ነው። በሞተሩ ጥምጥም ሽቦ ላይ ያለው መከለያ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ሕግ አለ። በመቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ የላላ የሽቦ ማሰሪያም በሙቀት ራሱን ያጋልጣል። የላላው መጋጠሚያ 0.01 ኦም ተቃውሞ ቢኖረውና 60 አምፔር ቢያልፍበት፣ የኮረንቲው ካሬ በተቃውሞው ሲባዛ 36 ዋት ሙቀት በአንዲት ብሎን ጫፍ ላይ ይፈጠራል። ይህን ከርቀት በታህተ ቀይ ጨረር የሚለካ ቴርሞሜትር በሰከንዶች ውስጥ ያገኘዋል፤ ካልተገኘ ግን ከጊዜ በኋላ እሳት ያገኘዋል።

ሦስተኛው ምስክር ፓምፑ በወሰደው ኤሌክትሪክ ምን ያህል ሥራ እንደሠራ ነው። በሰከንድ 100 ሊትር ውሃ ወደ 12 ሜትር ከፍታ ማንሳት 11.8 ኪሎዋት ይጠይቃል። ፓምፑ በ70 በመቶ ብቃት ቢሠራ 16.8 ኪሎዋት ይፈልጋል። ክንፉ በአሸዋ ተበልቶ ብቃቱ ወደ 50 በመቶ ቢወርድ ያንኑ ሥራ ለመሥራት 23.5 ኪሎዋት ያስፈልገዋል። የ6.7 ኪሎዋት ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲቆጠር ግን 59 ሺህ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ፓምፑ አልቆመም፤ «ደኅና ነው» ይባላል። ገንዘቡ ግን በየሰዓቱ እየፈሰሰ ነው።

ከፍታችን የሚያመጣው ተጨማሪ ፈተና

ከውጭ የሚገዛ መሣሪያ ሰነድ ብዙውን ጊዜ የተዘጋጀው ለባሕር ጠለል ወይም ለዝቅተኛ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የከባቢ አየር ግፊቷ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ይህ አንድ እውነታ በሦስት መንገድ ወደ ጥገና ክፍሉ ይመጣል።

አንደኛ፣ ፓምፕ ውሃን «አይስብም»። ፓምፑ በመግቢያው በኩል ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል፤ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው የከባቢው አየር ነው። ይህ ግፊት በውሃ ዓምድ ሲገለጽ በባሕር ጠለል 10.3 ሜትር፣ በአዲስ አበባ ግን 7.8 ሜትር ገደማ ነው። ፓምፑ ከውሃው ወለል በ4 ሜትር ከፍታ ላይ ቢተከል፣ በቧንቧው ሰበቃ 1 ሜትር፣ በውሃው እንፋሎት ግፊት ደግሞ 0.2 ሜትር ቢቀነስ፣ በጅቡቲ ወደብ 5.1 ሜትር ሲተርፍ በአዲስ አበባ የሚተርፈው 2.6 ሜትር ብቻ ነው። አምራቹ ቢያንስ 4 ሜትር ያስፈልጋል ካለ፣ ጅቡቲ ላይ በሰላም የሚሠራው ፓምፕ እዚህ ይታመማል። በመግቢያው ውስጥ ውሃው ያለ እሳት ይፈላል፤ አረፋዎችም ይፈጠራሉ። አረፋዎቹ ከፍ ያለ ግፊት ወዳለበት ሲደርሱ በቅጽበት ይከስማሉ። ሎርድ ሬይሊ እ.ኤ.አ. በ1917 እንዳሰላው፣ አረፋ ሲከስም በአካባቢው እጅግ ከፍተኛ ግፊት ይፈጠራል፤ ይህም የብረቱን ገጽ ይቦረቡረዋል። ምልክቱ በቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር የሚንቀጠቀጥ የሚመስል ድምፅ ነው። ይህን ድምፅ የሚያሰማን ፓምፕ ክንፉን ብቻ መቀየር በሽታውን ትቶ ቁስሉን ማከም ይሆናል። መድኃኒቱ ፓምፑን ዝቅ አድርጎ መትከል ወይም የመግቢያውን ቧንቧ ማስፋት ነው።

ሁለተኛ፣ በባሕር ጠለል 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 9.1 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሊያሟሟ ይችላል። በአዲስ አበባ ግን መጠኑ 6.9 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየርም የሚይዘው ኦክስጅን ያነሰ ስለሆነ፣ አየር መንፊያው ለተመሳሳይ ውጤት ብዙ አየር መንፋት፣ ብዙም መልፋት አለበት።

ሦስተኛ፣ ስስ አየር ሞተርን በሚገባ አያቀዘቅዝም። የዓለም አቀፉ የሞተር መስፈርት መደበኛ ስሌት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ላለው አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ ለሚተከል ሞተር ጭነቱ መቀነስ ወይም ንድፉ መሻሻል ይኖርበታል። መሣሪያ ስንገዛ የከፍታችንን ቁጥር በጨረታ ሰነዱ ላይ መጻፍ የመጀመሪያው የጥገና ሥራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መቼ ይጠገን?

ጥገና በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው እስኪሰበር ጠብቆ መጠገን ነው። ሁለተኛው በተወሰነ ጊዜ እየፈቱ መፈተሽና መለወጥ ነው። ሦስተኛው እየለኩ፣ ምልክት ሲታይ መጠገን ነው። ሁለተኛው ከሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ታሪክ ግን ያስጠነቅቃል።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ኮንራድ ዋዲንግተንና ባልደረቦቹ የእንግሊዝን የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላኖች ብልሽት መዝገብ መረመሩ። ያልታሰቡ ብልሽቶች የሚበዙት ከመደበኛው ምርመራ በፊት ሳይሆን ምርመራው እንደተጠናቀቀ ነበር፤ ከዚያም እየቀነሱ ይሄዳሉ። ደኅና የነበረውን መፍታትና መግጠም ራሱ ብልሽት ይዞ ይመጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1978 ደግሞ ስታንሊ ኖውላንና ሃዋርድ ሂፕ የተባሉ አሜሪካውያን በአውሮፕላን ክፍሎች ላይ ባቀረቡት ጥናት፣ ከክፍሎቹ በዕድሜ ገደብ መለወጥ የሚጠቅማቸው 11 በመቶ ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳዩ።

ይህ ማለት ግን የጊዜ ሰሌዳ ይቅር ማለት አይደለም። ዘይት መቀየር፣ ግራሶ መሙላት፣ ወንፊት ማጽዳትና መለኪያዎችን ማስተካከል በሰሌዳ ይሠራሉ። ቢሰበርም ጉዳት የማያስከትል አነስተኛ ዕቃ እስኪሰበር መጠበቅ ያዋጣል። ዋናው ፓምፕና ዋናው አየር መንፊያ ግን ልኬት ይገባቸዋል። የጥበቡ መነሻ «ይህ መሣሪያ ዛሬ ማታ ቢቆም ምን ይደርሳል?» ብሎ እያንዳንዱን በመልሱ መደልደል ነው።

መዝገቡና ግምጃ ቤቱ

መሐንዲሶች የአንድ መሣሪያ «ዝግጁነት» የሚሉት መጠን አለ። በሁለት ብልሽቶች መካከል ያለው አማካይ የሥራ ጊዜ ለዚሁ ጊዜና ለአማካይ የጥገና ጊዜ ድምር ሲካፈል ይገኛል። በየ2,000 ሰዓቱ የሚበላሽ ፓምፕ አለን እንበል። ኩሽኔታው በግምጃ ቤት ካለና ጥገናው 8 ሰዓት ከፈጀ ዝግጁነቱ 2,000 ለ2,008፣ ማለትም 99.6 በመቶ ነው። ኩሽኔታው ከውጭ እስኪመጣ 90 ቀን፣ ማለትም 2,160 ሰዓት ከተጠበቀ ግን ዝግጁነቱ ወደ 48 በመቶ ይወርዳል። ፓምፑ ያው ነው፤ መካኒኩም ያው ነው። ልዩነቱን የፈጠረው መደርደሪያው ነው።

ተጠባባቂ ፓምፕ መኖሩስ? በመጀመሪያው ሁኔታ፣ የሁለቱ ብልሽት የማይገናኝ ከሆነ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የመቆማቸው ዕድል ከ100,000 ሁለት ያህል ነው። በሁለተኛው ሁኔታ ግን ከ100 ወደ 27 ከፍ ይላል። መለዋወጫ የሌለው ተጠባባቂ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ የሌላው አካላት መወሰጃ ሆኖ ይቀራል።

ግምጃ ቤትን በብልሃት ለመሙላት ደግሞ መዝገብ ያስፈልጋል። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በኩሽኔታ ላይ «6312» የሚል ቁጥር ቢገኝ የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በ5 ሲባዙ የቀዳዳውን ስፋት፣ 60 ሚሊሜትር ይሰጡናል። ቁጥሩ ዓለም አቀፍ ስለሆነ ልኩ በየትኛውም አምራች ዘንድ አንድ ነው። የሁሉም መሣሪያዎች ቁጥር በመዝገብ ከሰፈረ፣ አሥር ልዩ ልዩ ፓምፖች በሦስት ዓይነት ኩሽኔታ እንደሚሠሩ ልናገኝ እንችላለን፤ ያኔ የሚከማቸው ሦስቱ ብቻ ነው። መዝገቡ የመሣሪያውን መለያ፣ የተተከለበትን ቀን፣ የየሳምንቱን ንዝረት፣ ሙቀትና ኮረንቲ፣ የተደረገለትን ጥገናና ምክንያቱን ሊይዝ ይገባል። ለዚህ ኮምፒውተር ቢኖር መልካም ነው፤ በየቀኑ በታማኝነት የሚሞላ ደብተር ግን ማንም ከማይከፍተው ኮምፒውተር ይበልጣል።

የዚህ ሁሉ ተቃራኒ ምን እንደሚመስል የአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ታሳየናለች። በዚያ የሚገኘው የባክ ሪቨር ጣቢያ በተደረጉ ፍተሻዎች በርካታ መሣሪያዎች ከአገልግሎት ውጭ ሆነው፣ የሠራተኛ እጥረትም ተከስቶ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በማርች 2022 የሜሪላንድ ግዛት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሌላ መንግሥታዊ ተቋም ገብቶ ጣቢያውን እንዲያሠራ አዘዘ። የተጠራቀመ ጥቃቅን ቸልተኝነት እንደ አንድ ትልቅ አደጋ ከተማን ይጎዳል።

የሰው ሕይወት ከመሣሪያ ይቀድማል

በፍሳሽ ጉድጓድ ውስጥ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የተባለ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል። መጠኑ ትንሽ ሲሆን እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ ሲበዛ ግን የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። «ሽታው ጠፋ» ማለት «አደጋው ጠፋ» ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ ጋዙ በመሣሪያ ሳይለካ፣ አየር ሳይገባና ከላይ የሚጠብቅ ሰው ሳይኖር ማንም ወደ ጉድጓድ አይወርድም። የወደቀ ባልደረባን ለማዳን ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትሎ መውረድም ሁለተኛ ሞት ነው። ፓምፕ የሚፈታ ሠራተኛም አስቀድሞ ማብሪያውን አጥፍቶ ይቆልፋል፤ ቁልፉንም በኪሱ ይይዛል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተጠቀሱት ስሌቶች ሁሉ ከክብ እንቅስቃሴ፣ ከኦም ሕግ፣ ከፈሳሽ ግፊትና ከቀላል የዕድል ስሌት አያልፉም። መሣሪያ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል፤ ንግግሩም በኒውተን፣ በሄርትዝ፣ በዲግሪና በኪሎዋት ነው። ቋንቋውን የሚማሩት ደግሞ ይህን መጽሔት የሚያነቡ ተማሪዎች ናቸው። የጣቢያ ምረቃ ሪባን በአንድ ቀን ይቆረጣል፤ የጣቢያው ዕድሜ ግን የሚለካው በየሳምንቱ በሚሞላው የመዝገብ ገጽ ነው።

ለአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በምሳሌያችን የተጠቀሰው ፓምፕ በደቂቃ 1,450 ሳይሆን 2,900 ጊዜ ቢዞር የ200 ግራሙ ጨርቅ ኃይል ስንት ኒውተን ይሆናል?
2. የምትኖሩበትን ከተማ ከፍታ ፈልጋችሁ የአየር ግፊቱን በውሃ ዓምድ ሜትር አስሉ። ከላይ የተገለጸው ፓምፕ በከተማችሁ በሰላም ይሠራልን?
3. ኩሽኔታው በ90 ቀን ፋንታ በ3 ቀን ቢገኝና ተገጥሞ ቢያልቅ የፓምፑ ዝግጁነት ስንት በመቶ ይሆናል?